ጀንትራን ሰርቨር ለዊንዶውስ፦ አሮጌ ሶፍትዌር በመላኪያ ማስታወቂያ ሲፈተን

ለገሃር በሚገኘው ቢሮአችን ከመስኮቱ ሥር አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ኢሜይል አይከፈትበትም፣ ደብዳቤ አይጻፍበትም፤ ማብሪያው አጠገብ «እንዳይነካ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ዓመታት አልፈዋል። ሥራው አንድ ብቻ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካችን ተሰፍቶና ታሽጎ የሚወጣው ልብስ አሜሪካ ከሚገኘው ገዢ መጋዘን ከመድረሱ በፊት፣ ስንት ካርቶን በየትኛው ኮንቴይነር እንደተጫነ፣ እያንዳንዱ ካርቶን የየትኛው የግዢ ትዕዛዝ እንደሆነና በውስጡ ምን እንዳለ የሚገልጸውን የኤሌክትሮኒክ የመላኪያ ማስታወቂያ ያዘጋጃል። ይህን የሚያደርገው ሶፍትዌር ጀንትራን ሰርቨር ለዊንዶውስ ይባላል። ላለፉት ስድስት ዓመታት ከእጄ ያልወጣ መሣሪያ በመሆኑና «እንጣለው ወይስ እናቆየው?» የሚል ጥያቄ ከሌሎች ላኪ ድርጅቶች ባልደረቦች ደጋግሞ ስለሚቀርብልኝ፣ የማውቀውን በጽሑፍ ማስቀመጥ መረጥሁ።

ግምገማዬ ሶፍትዌሩ የሚሠራውን ሁሉ አይመለከትም። የግዢ ትዕዛዝ መቀበልም ሆነ ኢንቮይስ መላክ ማንኛውም የመረጃ ልውውጥ ሶፍትዌር የሚወጣው ሥራ ነው፤ ከላይ አንድ ራስጌ፣ ከሥሩ የተደረደሩ መስመሮች፣ በመጨረሻ አንድ ድምር፣ በቃ። የመላኪያ ማስታወቂያ ግን ተራ ዝርዝር ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አለው፤ ማን ከማን እንደተወለደ አንድ ቦታ ላይ ከተምታታ ጭነቱ በሙሉ ትርጉም ያጣል። ስለዚህ አንድን የማፒንግ መሣሪያ፣ ማለትም የራስን ፋይል ወደ ገዢው ሰነድ ቅርጽ የሚቀይረውን፣ መፈተን የፈለገ ሰው በዚህ ሰነድ ቢፈትነው አይሳሳትም።

ስለ አመጣጡ ጥቂት ልበል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም፣ የኤሌክትሮኒክ የንግድ ሰነዶችን ቅርጽ የሚወስነውን የኤክስ12 ኮሚቴን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ በዚያ ሥርዓት የመላኪያ ማስታወቂያ ቁጥሩ 856 ነው። ከአሜሪካ ውጭ የሚበዛው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የጸደቀው ተመሳሳዩ የኤዲፋክት ሥርዓት ደግሞ ይህንኑ ሰነድ ዴሳድቭ ብሎ ይጠራዋል። ጀንትራን የስተርሊንግ ኮሜርስ ምርት ነበር፤ ስተርሊንግን አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2010 ከኤቲ ኤንድ ቲ ላይ በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የእኛ ገዢ የሚጠይቀው 856ን በ4010 ስሪት ነው። ከዚህ በታች የምናገረውም ስለዚሁ ነው።

የሶፍትዌሩ የማፕ መሥሪያ መስኮት ለሁለት የተከፈለ ነው። በግራ በኩል ከእኛ የሚነሳው ፋይል ይቀመጣል፤ በቀኝ በኩል ገዢው የሚቀበለው ሰነድ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይታያል፤ በመካከላቸው ከዚህ ወደዚያ የሚሄደው መረጃ በመስመር ይያያዛል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ይህ ስዕል የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ከሶፍትዌሩ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም በኮድ ብቻ የሚጻፍ ማፕ ውስጥ የሰነዱ ቅርጽ በጸሐፊው ጭንቅላት ውስጥ ሲቀር፣ እዚህ ግን ከዓይን ፊት ይቀመጣል። ከመላኪያ ማስታወቂያ ጋር ስንመጣም ይህ ጥቅም እጥፍ ይሆናል።

በ856 ውስጥ ዋናው ነገር ኤችኤል የሚባለው ሴግመንት፣ ማለትም አንድ የሰነዱ መስመር፣ ነው። አራት ኤለመንቶች (የመረጃ ክፍሎች) አሉት፤ የመጀመሪያው የራሱ መለያ ቁጥር፣ ሁለተኛው የወላጁ ቁጥር፣ ሦስተኛው የደረጃው ምልክት፣ አራተኛው በሥሩ ልጅ ይኑረው አይኑረው የሚናገር ነው። ደረጃዎቹ በእኛ ሰነድ አራት ናቸው፤ ጭነቱ ኤስ፣ ትዕዛዙ ኦ፣ ካርቶኑ ፒ፣ በካርቶኑ ውስጥ ያለው ዕቃ አይ። አንድ ትዕዛዝና ሁለት ካርቶን ብቻ ያለው ጭነት ቢኖር፣ ጭነቱ 1 ቁጥርን ይይዛል፤ ትዕዛዙ 2 ሲሆን ወላጁ 1 ነው፤ የመጀመሪያው ካርቶን 3 ሲሆን ወላጁ 2፣ ዕቃው 4 ሲሆን ወላጁ 3 ነው፤ ሁለተኛው ካርቶን 5 ሲሆን ወላጁ አሁንም 2 ነው፤ የእሱ ዕቃ 6 ሲሆን ወላጁ 5 ነው። ቁጥሮቹ ወደ ኋላ ሳይመለሱ ከላይ እስከ ታች ይወርዳሉ፤ ወላጆቹ ግን እየተመለሱ ይጠራሉ። የሥራው ችግር በሙሉ በዚህች አንድ ነጥብ ላይ ነው።

ሶፍትዌሩ ከመደበኛው የኤክስ12 መዝገብ ሰነዱን ሲያወጣ ኤችኤልን የሚሰጠው እንደ አንድ የሚደጋገም ሉፕ (የሴግመንቶች ቡድን) ነው። ይህን ሉፕ አራት ጊዜ ቀድቶ፣ አንዱን በሌላው ሥር አስገብቶ ቤተሰቡን ማዋቀር የማፕ ሠሪው ድርሻ ነው። ለቁጥሮቹ አኪዩሙሌተር የሚባሉ ቆጣሪዎች ይሰጣሉ፤ አንዱን በአንድ መጨመር፣ ያለበትን ቁጥር ወደ ሰነዱ ማውጣት፣ ወደ ሌላ ቆጣሪ መገልበጥ፣ ወደ ዜሮ መመለስ ይቻላል። ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከዝርዝር ተመርጦ ይቀመጣል። ነገር ግን ሶፍትዌሩ እነዚህ ቆጣሪዎች ምን እንደሚቆጥሩ አያውቅም፤ የታዘዘውን በታዘዘበት ቅደም ተከተል ይፈጽማል፣ ከዚያ ወዲያ ኃላፊነቱ የእኔ ነው።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ስሕተት ነው። የመጀመሪያውን ማፕ ስሠራ ብልህ የሆንሁ መስሎኝ አንድ ቆጣሪ ብቻ ተጠቀምሁ፤ የወላጁን ቁጥር ለማግኘት ከራሱ ቁጥር ላይ አንድ ቀነስሁ። የሙከራ ጭነቴ አንድ ትዕዛዝ፣ አንድ ካርቶንና በውስጡ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ነበረው። 2 ወላጁ 1፣ 3 ወላጁ 2፣ 4 ወላጁ 3፤ እንከን የለውም። ከገዢው ወገን የመጣውም መልስ «ተቀብለናል» የሚል ነበር፤ ማኪያቶ ጋበዝሁ። በሳምንቱ የወጣው እውነተኛው ጭነት ግን 312 ካርቶን ነበረው። ሁለተኛው ካርቶን 5 ቁጥር ሲደርሰው ወላጁ 4 ተባለ፤ 4 ደግሞ በመጀመሪያው ካርቶን ውስጥ ያለው ሸሚዝ ነው። ስለዚህ በእኔ ሰነድ መሠረት ሁለተኛው ካርቶን በሸሚዙ ውስጥ፣ ሦስተኛው ካርቶን በሁለተኛው ካርቶን ሸሚዝ ውስጥ፣ እንዲህ እየተባለ 312ቱም አንዱ በአንዱ ሆድ ውስጥ ገብተው ተላኩ። ሶፍትዌሩ አላጉረመረመም፤ ኤለመንቱ ቁጥር ነው፣ ርዝመቱ ትክክል ነው፣ በቦታው ተገኝቷል። የገዢው መጋዘን ግን ካርቶኖቹን ማግኘት አልቻለም፤ ከክፍያችንም ላይ ቅጣት ተቀነሰ።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። አንዱ ቆጣሪ ሳይቋረጥ ይሮጣል፤ ትዕዛዙ ላይ ሲደርስ ያለበት ቁጥር ወደ ሌላ ቆጣሪ ይገለበጣል፤ ካርቶን በመጣ ቁጥር ወላጁ ከዚያ ይነበባል፤ ለዕቃውም እንዲሁ ከካርቶኑ ቆጣሪ ይነበባል። ሦስት ወላጆች፣ ሦስት ማስቀመጫዎች። ማስጠንቀቂያዬም ይኸው ነው፤ ይህን ሶፍትዌር የሚሞክር ሰው ከሁለት ትዕዛዝ፣ በእያንዳንዱ ትዕዛዝ ከሁለት ካርቶን፣ በእያንዳንዱ ካርቶን ከሁለት ዕቃ ባነሰ ጭነት አይሞክር። በአንድ ካርቶን የተፈተነ ማፕ ያልተፈተነ ማፕ ነው።

ከሰነዱ ግርጌ ያለው ሲቲቲ የሚባለው ድምርም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የኤለመንቱ ስም የመስመሮች ብዛት ስለሚል ካርቶኑን ወይም ዕቃውን የሚቆጥሩ አሉ፤ በ856 ግን የሚቆጠረው የኤችኤሎች ብዛት ነው። በ312 ካርቶን ጭነታችን፣ በየካርቶኑ አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ስለነበረ፣ ትክክለኛው ቁጥር 626 ነው፤ 312 ካርቶን፣ 312 ዕቃ፣ አንድ ጭነትና አንድ ትዕዛዝ። የሚሮጠው ቆጣሪ በመጨረሻ ላይ የደረሰበትን ቁጥር ማውጣት ይበቃል፤ ሌላ ስሌት አያስፈልግም። የኮንቴይነሩ ቁጥርም እንዲሁ ጥቂት ጥንቃቄ ይሻል፤ በወረቀት ላይ አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ተያይዘው ቢጻፉም፣ ቲዲ3 በሚባለው ሴግመንት ውስጥ ፊደሎቹ በአንድ ኤለመንት፣ አኃዞቹ በሌላ ይገባሉ።

አሁን ወደ ግራው መስኮት፣ ማለትም ከእኛ ወደሚነሳው ፋይል ልመለስ። የእኛ ምንጭ ፋይል በቦታ የሚነበብ ነው። ለምሳሌ የትዕዛዝ ቁጥሩ ከ14ኛው ቦታ እስከ 33ኛው፣ የካርቶኑ ቁጥር ከ34ኛው ጀምሮ ይቀመጣል፤ መለያያ ኮማ የለም፣ ቦታው ራሱ ድንበር ነው። ይህ አሠራር ለዘመናዊ ዓይን ኋላቀር ይመስላል፤ እኔ ግን በፋይሉ ውስጥ የተሳሳተውን ነገር በማስታወሻ ጻፊው ፕሮግራም ከፍቼ በጣቴ እየቆጠርሁ ማግኘት እወዳለሁ። ጉዳቱ የታየን አማርኛ የገባበት ዕለት ነው። አንድ የፋብሪካ ባልደረባችን በአስተያየት ቦታ ላይ «በጥንቃቄ ይያዝ» ብሎ ጻፈ። ዓይን ሲያየው ከቦታው አላለፈም። ፋይሉ የሚቀመጥበት የዩቲኤፍ 8 ሥርዓት ግን ለአንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል (አንድ ባይት አንድ የላቲን ፊደል የሚይዘው ቦታ ነው)፤ ሶፍትዌራችን የሚቆጥረው ባይት ስለሆነ፣ ከዚያ ቃል በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፤ የካርቶኑ ክብደት በካርቶኑ ብዛት ቦታ ገባ። ባልደረባችን ያደረገው ነገር ደግ ነበር፤ ጥፋቱ ያንን ቦታ ክፍት የተውሁት የእኔ ነው። በመሠረቱ የኤክስ12 መደበኛ የፊደል ስብስብ ለግዕዝ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ የአድራሻችንን ስም በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ወስነን፣ ጽፈን፣ እንደ ቋሚ እሴት በማፑ ውስጥ አስቀመጥነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ መውጣቱ ቀርቷል።

የቀን መቁጠሪያው ነገር ከሁሉ ይልቅ የእኛ የራሳችን ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ፋብሪካችን የሚያስበው በኢትዮጵያ ዘመን ነው፤ በየካርቶኑ የታሸገውን የሚዘረዝረው የፓኪንግ ሊስቱም የሚሞላው በዚያው ነው። ገዢው የሚጠብቀው ግን ዓመት፣ ወርና ቀን ተያይዘው በስምንት አኃዝ የተጻፉበትን የአውሮፓ ቀን ነው። መጀመሪያ ላይ ቅየራውን በማፑ ውስጥ ባለው የሕግ መጻፊያ ሠራሁት። ይህ መጻፊያ ሁኔታ የሚፈትንና ስሌት የሚያሰላ ትንሽ ቋንቋ ነው፤ አቅሙም አያንስም። እኔ ግን 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደነበረች፣ በዚህም ምክንያት መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. እንደ ሌላው ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደዋለ በስሌቴ ውስጥ አላስገባሁም። በዚያ መስከረም የወጡት ማስታወቂያዎች ሁሉ አንድ ቀን ቀድመው ተጻፉ። ካረምሁት በኋላም ቅየራውን ከማፑ አውጥቼ ወደ ኤክሴል ሠንጠረዥ ወሰድሁት፤ ማፕ ውስጥ የተደበቀ የቀን ስሌት ማንም አያየውም፣ በኤክሴል ግን ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ይታያሉ።

ይህም ቢሆን ጉዳዩን አልጨረሰውም። በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ አዲስ የተቀጠረች ልጅ ኤክሴሉን አልፋ በቀጥታ ጳጉሜን 3ን ጻፈች፤ ፋይሉ ላይ 20161303 ሆኖ ወጣ። ሶፍትዌሩ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ስሕተት ብሎ መለሰው፤ ጎበዝ አልሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን እንዲሁ መስከረም 20 ቀን 2017ን በቀጥታ ሲጻፍለት 20170120 ብሎ አሳለፈው። ትክክለኛው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ሆኖ ሳለ፣ በማስታወቂያው መሠረት ጭነቱ ከሰባት ዓመት በፊት በጃንዋሪ ወር ተልኳል ማለት ነው። ዛሬ በማፑ ውስጥ ያስቀመጥሁት አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ የመላኪያው ቀን ኮምፒዩተሩ ካለበት ቀን ከአሥር ቀን በላይ ከራቀ ሰነዱ እንዳይወጣ ያግዳል። ሰዓቱንም በሚመለከት እንዲሁ፤ የጭነት ኃላፊዎቻችን «2 ሰዓት ላይ ወጣ» ሲሉ ጠዋት ማለታቸው ነው፣ ቢኤስኤን በሚባለው የመክፈቻ ሴግመንት ውስጥ ግን 0800 ተብሎ መጻፍ አለበት። 0200 ተብሎ ቢሄድ ማንም አይቃወምም፤ ዕቃው በሌሊት የወጣ ይመስላል እንጂ።

ስለ ካርቶን ባርኮዱ ደግሞ እንመልከት። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ የሚለጠፈው ኤስኤስሲሲ የተባለው መለያ 18 አኃዝ አለው፤ የመጨረሻው አኃዝ መቆጣጠሪያ ነው። አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ፤ 10614141234567890 የሚሉትን 17 አኃዞች ከግራ ጀምሮ በ3፣ በ1፣ በ3፣ በ1 እያፈራረቁ ማባዛትና መደመር ነው። ድምሩ 132 ይሆናል፤ ቀጣዩ ሙሉ አሥር 140 ስለሆነ ልዩነቱ 8 ነው፤ እሷ መጨረሻ ላይ ትገባለች። ይህን በሶፍትዌሩ የሕግ መጻፊያ ሠርቼዋለሁ፤ ከጽሑፍ ውስጥ አንድ አንድ አኃዝ ቆርጦ አውጥቶ ወደ ቁጥር መለወጥ ስለሚችል ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ሕግ በቂ ነው። እኔ የምጠቀምበት ግን ቁጥሩን ለማመንጨት ሳይሆን ከማተሚያው የመጣውን ለመፈተሽ ነው። ቁጥሩ በተለጠፈው ወረቀትና በሰነዱ ላይ አንድ ካልሆነ የማስታወቂያው ጥቅም ምንድነው? አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር፤ ኤምኤኤን በሚባለው ሴግመንት ውስጥ ጂኤም የሚለው መለያ ከተጻፈ፣ ከ18ቱ አኃዞች በፊት ሁለት ዜሮ ገብቶ 20 መሆን አለበት። ይህን ኤለመንት እንደ ቁጥር የገለጸ ማፕ ሠሪ መሪዎቹን ዜሮዎች ያጣል፤ እንደ ጽሑፍ መገለጽ አለበት።

መልእክቱ ከወጣ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፍ። ገዢው 997 የሚባል የመቀበያ ማረጋገጫ ይመልሳል፤ ጀንትራን ይህን ከላከው ሰነድ ጋር ራሱ ያገናኘዋል፤ በዚህ በኩል እንከን አላገኘሁበትም። ነገር ግን 997 የሚናገረው የሰነዱ ሰዋስው ትክክል መሆኑን ብቻ ነው። 312ቱ ካርቶኖቼ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብተው በሄዱበት ዕለት የመጣልኝ «ተቀብለናል» እሱ ነበር። ይዘቱ ተመርምሮ የሚመጣው ተቃውሞ 824 ነው፤ ሁሉም ገዢ አይልከውም። ስለዚህ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «824 ትልካላችሁ?» ብዬ ነው፤ አንልክም ካሉኝ የሙከራ ጊዜውን አራዝመዋለሁ።

ሶፍትዌሩን ለመክሰስ የማልደፍርበት አንድ ጉዳይ አለ። ማስታወቂያው የሚናገረው በፋይሉ ላይ ያለውን እንጂ በመኪናው ላይ ያለውን አይደለም። የመጋዘን ኃላፊያችን፣ ሁላችንም ጋሽዬ የምንላቸው፣ አንድ ቀን ከአቃቂ ደውለው ኮንቴይነሩ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሊወጣ እንደሆነ ሲነግሩኝ፣ «ጋሽዬ፣ ካርቶኑ 480 ነው አይደል?» አልኋቸው።

«477 ነው፤ ሦስቱ እርጥበት ነክቷቸው መልሼ አስገባኋቸው።»

«ፋይሉ እኮ 480 ይላል!»

«እንግዲህ ልጄ፣ ካርቶኑን እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ አንቺ ወረቀትሽን ቁጠሪ።»

ያን ቀን ማስታወቂያው አልወጣም። ሦስቱ ካርቶኖች ከነባርኮዳቸው ከፋይሉ እስኪሰረዙ ድረስ አዘገየነው። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን ለወጥነው፤ ፋይሉ የሚመነጨው ከፓኪንግ ሊስቱ መሆኑ ቀርቶ ካርቶኑ ወደ ኮንቴይነር ሲገባ በስካነር ከሚነበበው ዝርዝር ሆነ። ማፑ ላይ አንዲት መስመር አልተነካችም። ይህም ስለ ሶፍትዌሩ የምመሰክርለት ነገር ነው፤ ምንጩ ተለውጦ የፋይሉ ቅርጽ እስካልተለወጠ ድረስ ማፑ እንደ ቆመ ይኖራል።

ደካማ ጎኑ ሌላ ቦታ ነው። የተያያዙት መስመሮች ይታያሉ፤ ሕጎቹና የቆጣሪዎቹ ትዕዛዞች ግን እያንዳንዱ በየራሱ ኤለመንት ሥር ተከፍቶ ካልታየ በስተቀር አይታዩም። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሥራውን ሲለቅ የተወልኝ ማፕ 14 ቆጣሪዎች ነበሩት፤ የትኛው ምን እንደሚቆጥር የጻፈው ነገር አልነበረም። ሶፍትዌሩ የማፑን ሙሉ ዘገባ ያትማል፤ አትሜው እንደ ጋዜጣ ወለል ላይ ዘርግቼ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ እያሰመርሁ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንድ ሰው ሲሄድ እውቀቱ አብሮ የሚሄድበት መሣሪያ ነው ለማለት ያስደፍራል። ሌላው፣ ማፑ ከተስተካከለ በኋላ እንደገና ተጠናቅሮ (ሶፍትዌሩ ወደሚያስኬደው ቅጂ ተቀይሮ) ካልተመዘገበ የሚሠራው አሮጌው ነው፤ አስተካክዬ፣ አስቀምጬ፣ ማጠናቀሩን ረስቼ «ለምን አልተለወጠም?» እያልሁ ያባከንኋቸውን ከሰዓት በኋላዎች አልቆጥራቸውም።

ዋጋውን በሚመለከት የእኛ ፈቃድ ቀድሞ የተከፈለበት ስለሆነ ወጪያችን የአሮጌው ኮምፒዩተርና የእኔ ጊዜ ነው። በየሰነዱ የሚያስከፍሉ የደመና አገልግሎቶች በውጭ ምንዛሬ የሚከፈሉ ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ዕድል ተጠቃሚነት ከወጣች በኋላ ወደ አሜሪካ የምንልከው ስለቀነሰ፣ በወር ጥቂት ማስታወቂያ ለሚያወጣ ላኪ ያለውን ማቆየት ያዋጣል። ፊቱን ወደ አውሮፓ ገዢዎች ላዞረ ግን ምክሬ ሌላ ነው። ጀንትራን ዴሳድቭንም ይሠራል፤ ነገር ግን በዴሳድቭ ቤተሰቡን የሚይዘው ሲፒኤስ የሚባል ሴግመንት ስለሆነና የካርቶን ብዛትና ባርኮድ በተለያዩ ሴግመንቶች ስለሚበተኑ፣ የ856 ማፕ ተቀድቶ አይሆንም፤ ከዜሮ መጀመር ነው። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ዛሬ በዚህ ሶፍትዌር ጀምር አልለውም፤ የሚያውቀው ባለሙያ በከተማው ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው።

ከመስኮታችን የአሮጌው ባቡር ጣቢያና ፊት ለፊቱ ያለው የአንበሳ ሐውልት ይታያሉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ አዲሱ የጅቡቲ መስመር ግን ከለገሃር አይነሳም። አንዳንዴ ማስታወቂያው እስኪወጣ እየጠበቅሁ፣ ያኔ የጭነቱ ዝርዝር ከፉርጎው ቀድሞ ጅቡቲ የሚደርሰው በምን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ላለው ሰው፣ ኤክስ12 ብቻ ለሚጠቀም፣ አንድ ወይም ሁለት ገዢ ለያዘና ማፑን የሚረዳ ቢያንስ ሁለት ሰው ላለው ድርጅት ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ለሌላው ሁለት። በእኛ ቢሮ ሁለተኛዋ ሰው ጳጉሜንን በቀጥታ የጻፈችው ልጅ ናት፤ ባለፈው ወር የሦስት ትዕዛዝና የ96 ካርቶን ጭነት ሙከራ ሰጥቻት የወላጆቹን ቁጥር ከወረቀት ላይ በእጅዋ ከጻፈች በኋላ ነው ማፑን እንድትከፍት የፈቀድሁላት። የቆጣሪዎቹ ዝርዝር አሁን በኮምፒዩተሩ ጎን በተንጠለጠለ ደብተር ላይ ተጽፏል፤ 6ኛው ቆጣሪ ግን አሁንም ምን እንደሚሠራ ሁለታችንም ስላልደረስንበት ከፊቱ የጥያቄ ምልክት አለ።